የጉባኤው አፍ፦ ሙፈሪያት ካሚል በአፈ ጉባኤነት የቆዩባቸው ስድስት ወራት

ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ስብሰባ ሁለት ጉዳዮችን ቋጨ። አባዱላ ገመዳ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የያዙትን የአፈ ጉባኤነት ወንበር ለወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ሰጠ፤ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና ሦስት ሳምንት ያልሞላቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ያቀረቡትን የሚኒስትሮች ሹመትም አጸደቀ። በዚያን ዕለት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ከሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌዎች፣ ወደ ደሴ የሚወጡ ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮችና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቴሌቪዥኑን አንጋጠው ያያሉ። የምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ መሰየማቸው ሲነገር አስተናጋጇ ብቻ «ሴት ናት እንዴ?» ብላ ትሪዋን እንደያዘች ቆም አለች። የሚኒስትሮቹ ስም ሲነሳ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ከሾፌሮቹ አንዱ «ትራንስፖርትን ማን ያዘው?» ሲል ሌላው «ዝም በል፣ እንስማበት» አለው።

የሻይ ቤቱ ታዳሚ ሥልጣን የት እንዳለ ለማወቅ ሕገ መንግሥት ማገላበጥ አላስፈለገውም። በሕጉ ፊደል የፌዴራል መንግሥቱ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ምክር ቤቱ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም የሚሰይመው፣ ሚኒስትሮቹንም የሚያጸድቀው፣ በጀቱንም የሚፈቅደው እሱ ነው። በልማዱ ግን ሰው የሚጠይቀው መንገዱን የሚሠራው፣ ማዳበሪያውን የሚያመጣው፣ ፖሊሱን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ነው። የወይዘሮ ሙፈሪያት የፖለቲካ ጉዞ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ከማንም በላይ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመኑን በሚያጠናቅቅበትና ቀጣዩ ምክር ቤት የራሱን አፈ ጉባኤ በሚሰይምበት ዋዜማ ጉዞውን መለስ ብሎ ማየት ወቅታዊ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። «አፈ ጉባኤ» የጉባኤው አፍ ማለት ነው። ሸዋ ከዚህ ቀደም የሚያውቀው «አፈ ንጉሥ» ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አፈ ንጉሥ ነሲቡ በችሎት ተቀምጠው የሚናገሩት የንጉሡን ፍርድ እንጂ የራሳቸውን አልነበረም። አፍነት እንዲህ ነው፤ ከበሬታው ትልቅ ሆኖ ሳለ ቃሉ የሌላ ነው። እንግዲህ የአፈ ጉባኤ ወንበር ሲነሳ መጠየቅ ያለበት የተቀመጠው ሰው ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለው ብቻ ሳይሆን በዚያ አፍ የሚናገረው ማን ነው የሚለውም ጭምር ነው።

የወንበሩን ክብደት ከምንም በላይ ያሳየን ሙፈሪያት ከመሰየማቸው ሰባት ሳምንት ቀደም ብሎ የሆነ ነገር ነው። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ለማጽደቅ ድምፅ ሲሰጥ ከወንበሩ በመጀመሪያ የተነገረው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር፤ ኋላ ላይ በስሕተት የተነገረ ነው ተብሎ 395 መሆኑ ተገለጸ፤ 88 ተቃውመዋል፣ 7 ድምፀ ተዓቅቦ አድርገዋል ተባለ። አዋጁ እንዲጸና የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። በወቅቱ 539 ከነበሩት አባላት ሁለት ሦስተኛው 360 ያህል ስለሚሆን፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የአዋጁ መጽናትና መውደቅ ልዩነት ነበር። ምልአተ ጉባኤ ተሟላ ብሎ ስብሰባ የሚከፍተው፣ ለማን ዕድል እንደሚሰጥ የሚወስነው፣ እጅ ሲወጣ ቆጥሮ «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» የሚለው አፈ ጉባኤው ነው። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከዚያ አፍ ከወጣ በኋላ መልሶ ማረሙ እንዴት ያለ ጥርጣሬ እንደሚያስከትል በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ አይቶታል። ወይዘሮ ሙፈሪያት የተረከቡት ይህንን ወንበር ነበር።

ለምን እሳቸው? በብዙዎች ዘንድ መልሱ «ለውጡ ሴቶችን ወደ ፊት ስላመጣ» የሚል ነው፤ ከፊል እውነት አለበት። ነገር ግን የዚያን ጊዜው ኢሕአዴግ የአራት ድርጅቶች ግንባር እንደነበርና ትልልቆቹ ወንበሮች በአራቱ መካከል በሚዛን ይከፋፈሉ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ኃይለማርያም ደሳለኝ ከደቡቡ ድርጅት ከደኢሕዴን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ አፈ ጉባኤው አባዱላ ከኦሮሞው ድርጅት ከኦሕዴድ ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ወደ ኦሕዴድ ሲዞር የአፈ ጉባኤነቱ ወንበር ወደ ደኢሕዴን ዞረ። በዚያው ዓመት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር ከአማራው ድርጅት ከብአዴን ሰው ያለው አባተ ወደ ትግራዩ ድርጅት ወደ ሕወሓት ሰው ኬሪያ ኢብራሂም የተላለፈውም በተመሳሳይ ስሌት ነው ብሎ መገመት አያስቸግርም። ቀደም ሲል የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የሠሩት፣ ከደኢሕዴን አመራሮች አንዷ የነበሩት ሙፈሪያት ለደረሰው የደኢሕዴን ድርሻ የታጩ ሰው ነበሩ። በዚያ ጊዜ ምክትል አፈ ጉባኤ የነበሩት ወይዘሮ ሽታዬ ምናለ የምክር ቤቱን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁት ነበር፤ ሆኖም ወንበሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሲለቀቅ ሁለቱንም ጊዜ አልፏቸው ሄደ። ምክትሏ የብአዴን ነበሩ፤ ተራው ደግሞ የደኢሕዴን ነበር። ሁለቱም ሴቶች በመሆናቸው ጾታ በዚህ ስሌት ውስጥ ወሳኝ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ያለ አይመስለኝም።

የስድስት ወሩ ሥራ ግን ቀላል አልነበረም። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያን ያከራከረውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከጊዜው በፊት አነሳው። ሰኔ 28 ቀን ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 ከአሸባሪነት መዝገብ ተሰረዙ፤ ለ2011 የበጀት ዓመት 346.9 ቢሊዮን ብር ጸደቀ፤ በሐምሌ ደግሞ የምሕረት አዋጁ ወጣ። ከሰባት ዓመት በፊት «ሽብርተኛ» ተብለው በዚያው አዳራሽ የተፈረጁ ድርጅቶች በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ግንባር እጆች፣ ከፍረጃው ሲወጡ ያየ ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛው ምክር ቤቱ በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ከባድ የሆነ የመታጠፊያ ጊዜ በሕግ እንዲያልፍ አድርጓል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ እጁን ያወጣው ምክር ቤቱ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ከሌላ ቤት የመጣ ነው የሚል ነው። ለሁለተኛው አደላለሁ። ከዚህ የተነሳ ሙፈሪያትን መውቀስ ግን አይገባም፤ የአፈ ጉባኤ ሥራ የመጣን ረቂቅ በሥርዓት ማሳለፍ ነው፣ በሥርዓትም አሳልፈዋል። ስብሰባ ሲመሩ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ያዳምጡ፣ የተራዘመ ንግግርንም ሳያስቀይሙ ያሳጥሩ እንደነበር የስብሰባዎቹን ሥርጭት የተከታተለ ያስታውሳል።

በዚያው ክረምት ግን ከምክር ቤቱ ሥራ በላይ የሳቸውን ዕጣ የወሰነ ነገር ሆነ። ሽፈራው ሽጉጤ ከደኢሕዴን ሊቀመንበርነት ሲለቅቁ ድርጅቱ በቦታቸው ሙፈሪያትን መረጠ። እንግዲህ አንዲት ሴት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤም፣ ከአራቱ የግንባሩ ድርጅቶች የአንዱ ሊቀመንበርም ሆኑ። ሐዋሳና ወላይታ ሶዶ በግጭት በታመሱበት፣ የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ገንፍሎ በወጣበት ወቅት ያንን ድርጅት መምራት ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ሙፈሪያትን የሚፈልገው በአፈ ጉባኤነቱ መዶሻ ሳይሆን በሊቀመንበርነቱ ማኅተም ምክንያት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳት ግድ ነው። የፓርቲ መሪ አፈ ጉባኤ መሆን ይገባዋልን? ዓለም በዚህ ጉዳይ ሁለት ወግ አለው። በእንግሊዝ አፈ ጉባኤ የሆነ ሰው ከፓርቲው ይለያል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1992 እስከ 2000 የታችኛውን ምክር ቤት የመሩት ቤቲ ቡዝሮይድ ወንበሩ ላይ ከወጡ በኋላ የሌበር ፓርቲ ሰው መሆናቸው ቀርቷል። በአሜሪካ ደግሞ አፈ ጉባኤው በምክር ቤቱ የፓርቲው አዛዥ ነው፤ በ2007 የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ የሆኑት ናንሲ ፔሎሲ ለፕሬዚዳንቱ በጀት «አይሆንም» ማለት ይችሉ የነበረው ፓርቲያቸውን ስለሚመሩ ነበር። የኛው ወግ ከሁለቱም አይደለም። አፈ ጉባኤው እንደ አሜሪካው የፓርቲ ሰው ነው፤ ነገር ግን የፓርቲው የበላይ አዛዥ፣ ምክር ቤቱ የሚቆጣጠረው ጠቅላይ ሚኒስትር ራሱ ነው። ተቆጣጣሪው በሚቆጣጠረው ሰው ሊቀመንበርነት ሥር ይሰበሰባል ማለት ነው። በዚህ ወንበር ወንድ ቢቀመጥበትም ሴት ብትቀመጥበትም ይህ አይለወጥም።

ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. 20 ሚኒስትሮች ያሉት፣ ግማሾቹ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ሲሰየም ሙፈሪያት የአዲሱ የሰላም ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆኑ፤ ወንበራቸውን የዚያው የደኢሕዴን ሰው ታገሰ ጫፎ ያዙ። በፕሮቶኮል ቅደም ተከተል ከታየ ከሕግ አውጪው ቁንጮ ወደ አንድ ሚኒስቴር መሄድ መውረድ ነው። ነገር ግን በዚያን ዕለት ወረዱ ያለ ሰው አልሰማሁም። ፌዴራል ፖሊስ፣ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢሚግሬሽን ሁሉ ተጠሪነታቸው ለዚያ ሚኒስቴር ሆኖ ነበር። የሴቶች ሹመት ደራ የተባለበት ሰሞን ነበርና፣ በዚያው ወር ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ በኅዳር ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ዛሬ ሦስቱም በነዚያ ወንበሮች ላይ የሉም፤ በምርጫ ቦርድ ብርቱካንን የተኩት ሴት ናቸው፣ በሌሎቹ ሁለት ወንበሮች የተተኩት ግን ወንዶች ናቸው። ሙፈሪያት ግን በመስከረም 2014 ዓ.ም. ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛውረው በካቢኔው ውስጥ ቆዩ።

ለሰሜን ሸዋ ሰው የሳቸው ስም ከአፈ ጉባኤነታቸው ይልቅ ከሰላም ሚኒስትርነታቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ ትዝታውም የጣፈጠ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ ከኤፍራታና ግድም የተፈናቀለው ሕዝብ ፍራሹን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ በየመጠለያው የሚሰማው ጥያቄ «የሰላም ሚኒስቴር የሚባለው የት ነው ያለው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ሙሉ ዕዳውን በአንዲት ሚኒስትር ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ የጸጥታው ሥራ በክልሉ፣ በመከላከያውና በፌዴራሉ መካከል የተከፋፈለ ነበርና። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይሏል። በየመጠለያው የተቀመጠ ሰው በስም ጠርቶ የጠየቀው ሚኒስትሯን ነው። በዚያው ጊዜ የአፈ ጉባኤውን ስም አንስቶ «ምክር ቤቱ ለምን አስቸኳይ ስብሰባ አልጠራም?» ያለ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ተጠያቂነት ሥልጣን ያለበትን ይከተላል፤ ሕዝቡም የት እንዳለ ያውቃል።

ከሙፈሪያት በፊትና በሳቸው ዘመን በፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር የተቀመጡት የሁለቱ ሴቶች አወጣጥ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ወይዘሮ አልማዝ መኮ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ አፈ ጉባኤ ነበሩ። የኦሕዴድ ሰው ነበሩ፤ በ1993 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ ሳሉ ሥልጣናቸውን ትተው ጥገኝነት ጠየቁ፣ ለኦነግ ያላቸውንም ድጋፍ ገለጹ። ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ደግሞ ነሐሴ 2012 ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም፣ ጉዳዩ ለሕገ መንግሥት ትርጉም ለሚመሩት ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ሰኔ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲጣስ ተባባሪ አልሆንም ብለው ወንበሩን ለቀቁ። ከሁለት ቀን በኋላ አደም ፋራህ ተተክተው ምክር ቤቱ ውሳኔውን አሳለፈ። ጉዳዩን አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረበውን አጣሪ ጉባኤ የመሩት መዓዛ አሸናፊ እንደነበሩ ሲታሰብ፣ በዚያ ሳምንት የአገሪቱ ትልቁ የሕገ መንግሥት ክርክር በሁለት ሴቶች ወንበር መካከል ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ይቻላል። ኬሪያ ኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በተጀመረ በወሩ እጃቸውን ለፌዴራል መንግሥት መስጠታቸው ተነገረ።

ከሦስቱ አንዷ ተሰደዱ፣ አንዷ ሚኒስትር ሆኑ፣ አንዷ ለቅቀው ከዚያም ታሰሩ። ሦስቱም በየወንበራቸው ላይ የነበሩበት የአምስት ዓመት ዘመን አልቆ፣ መዶሻውን ለተተኪ አስረክበው፣ ተጨብጭቦላቸው አልወጡም። የአልማዝና የኬሪያ ውሳኔ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ለማለት አይደለም። ድርጅታቸው ሲታመም ወይም ከሌላው ድርጅት ሲጣላ ወንበራቸው አብሮ መናጋቱ፣ ወንበሩ በመሠረቱ የድርጅቱ እንጂ የምክር ቤቱ እንዳልነበረ ያሳያል ለማለት ነው።

ይህ የግድ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። የኡጋንዳዋ ሬቤካ ካዳጋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2011 ምክትል አፈ ጉባኤ፣ ከዚያ እስከ 2021 አፈ ጉባኤ ሆነው ሃያ ዓመት በዚያው ቤት አሳለፉ። የታንዛኒያዋ ቱሊያ አክሰንም ከምክትልነት ተነስተው በ2022 አፈ ጉባኤ፣ በ2023 ደግሞ የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ካዳጋንም በመጨረሻ ከወንበሩ ያነሳቸው ፓርቲያቸው ነው፤ ስለዚህ ጎረቤቱን ማስዋብ አያስፈልግም። ልዩነቱ እዚያ አፈ ጉባኤነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ሰው የሚያድግበት መሆኑ ነው። በኛ አገር ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ ካለ ወደ ኋላ ርቆ ይገኛል፤ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የተመረጡት፣ በጣሊያን ጊዜ ተግዘው የተመለሱት፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩት ስንዱ ገብሩ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። በዚያ ምክር ቤት ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የወደቁትም የወጡትም በራሳቸው አንደበት ነው።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። በአማራ ክልል ምክር ቤት ከወይዘሮ ወርቅሰሙ ማሞ በኋላ ወይዘሮ ፋንቱ ተስፋዬ አፈ ጉባኤ ሆነዋል። ከ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ክልሉን የመሩት ደግሞ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለና አረጋ ከበደ ናቸው። አፈ ጉባኤዋ ሴት፣ ርእሰ መስተዳድሩ ወንድ፤ ርእሰ መስተዳድሩ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፣ ምክር ቤቱን የሚመሩት ግን ሴቶቹ ናቸው። በነገራችን ላይ አገኘሁ ተሻገር ከርእሰ መስተዳድርነት ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ነው የሄዱት፤ አባዱላም የመጡት ከኦሮሚያ ፕሬዚዳንትነት ነበር። ለወንዶቹ ወንበሩ ከአስፈጻሚነት የሚያርፉበት ሲሆን፣ ለሙፈሪያት ወደ አስፈጻሚነት የሚሻገሩበት ድልድይ ሆነ። ክልሉን የመራች ሴት እስካሁን ስላልነበረች በዚህኛው መንገድ ወደ ወንበሩ የምትመጣ ሴትም የለችም።

በወረዳ ደረጃ ደግሞ ነገሩ በዓይን ይታያል። በዞኑ ውስጥ በተዘዋወርኩባቸው ወረዳዎች ሴት አፈ ጉባኤ ማግኘት ተራ ነገር ነው፤ ሴት አስተዳዳሪ ማግኘት ግን እንደ ብርቅ ይወራል። ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው እንቅፋት አለ። ሰሜን ሸዋ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። በክልሉ የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው እንደ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ ያሉት የብሔረሰብ ዞኖች ናቸው፤ ሌላው ዞን የክልሉ አስፈጻሚ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ በወረዳ አፈ ጉባኤነት ዐሥር ዓመት ስብሰባ መምራት የተካነች ሴት ቀጥሎ የምትወጣበት እርከን የላትም። የወረዳ አስተዳዳሪው ወደ ዞን መምሪያ ኃላፊነት፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል፤ አፈ ጉባኤዋ ወይ በዚያው ትቀራለች፣ ወይ ሴቶችና ሕፃናት መምሪያ ትመደባለች። የሙፈሪያት ጅማሬም ከሴቶች ጉዳይ እንደነበር ልብ ይሏል።

ለማነጻጸር ያህል፣ የሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። የንጉሥ እናት ስለሆኑ ነው፣ ማንም አልመረጣቸውም፤ የዘመኑን ሥርዓት ለማወደስ አይደለም። ነገር ግን በነበራቸው ቦታ ላይ ግብር የሚገባላቸውና ሰው የሚታዘዛቸው አስተዳዳሪ ነበሩ። በሸዋ ሴት ሥልጣን ይዛ አታውቅም የሚል ወሬ የሚያመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ ሰላ ድንጋይን እጠቅስለታለሁ።

የሴቶች ቁጥር በራሱ ምንም አይደለም ማለቴም አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ የምክር ቤት ወንበሮች 212ቱን ሴቶች ይዘዋል፤ በ1987 ዓ.ም. ከነበረው ጋር ሲተያይ ሌላ አገር ነው የሚመስለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የፈቀደው ልዩ የድጋፍ እርምጃ በወረቀት ብቻ አልቀረም። ነገር ግን ቁጥሩ የሞላው ፓርቲው ለመስጠት በማይቸገርበት ወንበር ላይ ነው፤ በጀትና ታጣቂ ያለበት ወንበር ሲደርስ ደግሞ እጅ ይሰበሰባል።

ባለፈው ዓመት ከደጋው ወረዳዎች በአንዱ የምክር ቤት ስብሰባ ላይ ለመቀመጥ ዕድል አግኝቼ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው ግጭት ምክንያት ስብሰባው ሦስት ጊዜ ተላልፎ ነው የተካሄደው። አዳራሹ ይቀዘቅዛል፤ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ ጋቢ የደረቡ አባላት ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። አፈ ጉባኤዋ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ በፊት መምህርት የነበሩ ሴት ናቸው። አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ክቡር አፈ ጉባኤ» ብለው ጀመሩና ከጎናቸው ያለው ሲጎስማቸው «ክብርት… ይቅርታ፣ የኔ እመቤት፣ ምላሴ ነው» አሉ፤ አዳራሹ ሳቀ፣ አፈ ጉባኤዋም ሳቁ። ሽማግሌው ግን ጥያቄያቸውን አልረሱም፤ ማዳበሪያው የባቄላው ዘር ከተዘራ በኋላ የመጣው ለምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። አስተዳዳሪው ረዥም መልስ ሰጡ፤ የመንገድ መዘጋት፣ የትራንስፖርት እጥረት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዘግየት። አፈ ጉባኤዋ አቋርጠው «ክቡር አስተዳዳሪ፣ ጥያቄው ለምን ዘገየ ሳይሆን ሲዘገይ ለምክር ቤቱ ለምን አልተነገረም ነው» አሉ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ማጉረምረም ቆመ። አስተዳዳሪው ወረቀታቸውን አገላበጡ፤ ለዚያ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበራቸውም፣ «በቀጣይ እናስተካክላለን» አሉ። ቃለ ጉባኤ ያዡም እንደዚያው ጻፈው።

በአጭር ጊዜም ቢሆን በዚያች አፍታ አፉ የጉባኤው ነበር። የተናገሩት ከሌላ ቤት የመጣ ረቂቅ አልነበረም፤ የሽማግሌውን ጥያቄ ከሽማግሌው በተሻለ ጠየቁላቸው።

ከስብሰባው በኋላ አብረን ወጣን። በእጃቸው በክላሰር የያዙት የአባላቱን የውሎ አበል መክፈያ ዝርዝር ነበር። ከሩቅ ቀበሌ በእግር የመጡ አባላት እስኪመሽ ወደ ቤታቸው መመለስ ስላለባቸው ቶሎ መከፈል አለበት። ምክር ቤቱ የራሱ ገንዘብ ያዥ የለውም፤ ክፍያው የሚወጣው ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሲሆን ማዘዣው የሚፈረመው አስተዳዳሪው ዘንድ ነው። አፈ ጉባኤዋ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት በአዳራሹ ያፋጠጧቸውን ሰው ፊርማ ለመጠየቅ ወደ አስተዳደሩ ሕንፃ ደረጃውን ወጡ፤ አባላቱም ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቋቸው ጀመር።